አሥራ አራት መቀመጫ

በሰኔ ወር መጨረሻ ደብረ ብርሃን ውስጥ ደግ ሰው ይበዛል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል፤ እስከዚያ ቀን ለተረጋገጠ ችግረኛ የተሰጠ ሁሉ ከግብር ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ባለሱቁም፣ ሐኪሙም፣ ባለፋብሪካውም ስልኩን ይዞ ችግረኛ ፍለጋ ይወጣል። በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጅ የችግረኛነት ቁጥር ያላቸው ሰዎች ታጥበው፣ ተለባብሰው በተርታ ይቀመጣሉ፤ ሰጪዎች ከፊታቸው ይሰለፋሉ። አንዳንዱ ችግረኛ «የእኔ ሞልቷል፣ እሷን ይሞክሯት» እያለ ወደ ጎረቤቱ ይመራል። ሐምሌ አንድ ጠዋት ደጁ ላይ ተቀባዮቹ ብቻ ይቀራሉ።

ቁጥር ለሌለው ሰው መስጠት ክልክል ነው የሚሉ አሉ። ውሸት ነው፣ ክልክል አይደለም። ሕጉ የሚለው፣ ቁጥር ለሌለው የተሰጠ ገንዘብ ለሰጪው አይቀነስለትም፣ ለተቀባዩ ደግሞ እንደ ገቢ ይቆጠርበታል ነው። ገቢ ያለው ሰው ችግረኛ አይባልም። እንግዲህ የሚወዱትን ሰው ቁጥሩ ሳይወጣለት መርዳት ቁጥሩን ማስከልከል ነው። የወረቀት ብር ከቀረ ሃያ ሁለት ዓመት ስለሆነው በትራስ ሥር ሸጎጥ የሚደረግ ነገርም የለም። የታመመ ሰው ሊጠይቁ የሚገቡ ሰዎች እንደ ድሮው «እግዜር ይማርህ» ይላሉ፤ ሲወጡ ግን ሚስቱን በር ላይ ይዘው «ቁጥር ወጣለት?» ብለው ይጠይቃሉ።

በ2079 ዓ.ም. ሰኔ ይህን ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ የምትሰማው ሃሴት ነበረች። ስሟ አያሳስት፣ የስልሳ አራት ዓመት ሴት ናት። ሃሴት፣ ኤልዳና፣ ሶሊያና የሚባሉት ዛሬ አሮጊቶች ናቸው፤ ወጣቶቹ ደግሞ ተመልሰው እነ አዳፍሬና እነ በለጥሻቸው ሆነዋል። ባሏ ያፌት ሁለቱም ኩላሊቶቹ መሥራት ካቆሙ ስምንት ወሩ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት ያስፈልገዋል፤ የጡረታ አበሉ የሚበቃው ለአንድ ነው። የሰኔው አበል ጭራሽ ለሦስት እጥበት ብቻ ሆኖ ሃያ አንድ ላይ አለቀ። ነርሷ «እስከ ሠላሳ ካልታጠበ ልቡ አይችለውም» አለቻት። ይህን ያለቻት ኮሪደር ላይ፣ ጓንቷን እያወለቀች ነው።

የሚረዳ ጠፍቶ አልነበረም። ያፌት ሠላሳ ዓመት ብረት የበየደበት ወርክሾፕ ባለቤት ብሩክታዊት የአንድ ዓመቱን እጥበት ልትሸፍን ተዘጋጅታለች። ክፉ ሴት አይደለችም። እንዲያውም በየሁለት ቀኑ እየደወለች «ቁጥሩን ብቻ ላኩልኝ፣ እስከ ሠላሳ እጠብቃለሁ» ትላለች። ከሠላሳ በኋላ መጠበቅ ለእሷም ኪሳራ ነው፤ ይህንንም አልደበቀችም።

ቁጥር የሚሰጠው የችግር ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ነው። አረጋጋጭ ይልካል፣ አረጋጋጩ ቤቱን ያያል፣ ቁጥሩ ይወጣል ወይም አይወጣም። ወደ እነ ሃሴት ቤት የሚመጣው መጀመሪያ ሰኔ አሥራ አራት ተባለ። ሃሴት ኤልዳናን አማከረች። ኤልዳና የፎቁ ጎረቤቷና የብሎኩ እድር ሊቀ መንበር ናት፤ ምክር ጠይቋት ያጣ የለም፣ ሳይጠይቃት የቀረም ከምክሯ አያመልጥም።

«የመንግሥት ሰው ባዶ ቤት አይገባም» አለች ኤልዳና።

«ችግራችንን ሊያይ እኮ ነው የሚመጣው።»

«ማየትና መናቅ ይለያያል፣ ሃሴትዬ። ንቆሽ ከወጣ ምን ብሎ ይጽፍልሻል? ሰው የበላበትን ቤት ክፉ አይጽፍበትም።»

ይህ ምክር በእናቷም በአያቷም ዘመን ሲሠራ የኖረ ምክር ነው። ኤልዳና ያልገባት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አሁን የሚጽፈው ሰውዬው ሳይሆን ዓይኑ ላይ ያለው መነጽር ነው።

በቀኑ ከማለዳ ጀምሮ ከአምስት ቤት ወንበር መጣ። ከሁለተኛ ፎቅ ሶፋ በአራት ሰው ተሸክሞ ወጣ። አንዷ መጋረጃዋን ከነዘንጉ ነቅላ አመጣች። የሐዋርያት ጾም ነበርና ሱፍ ፍትፍቱ፣ አዚፋው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ በየሳህኑ ተከድኖ ደረሰ። ያፌት ፂሙን ተላጭቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ትራስ ተደግፎ ተቀመጠ። ሃሴት ዞር ዞር ብላ አየችና እንባዋ መጣ። እሱ ከታመመ ወዲህ ቤቷ እንዲህ አምሮ አያውቅም።

አረጋጋጩ አዳፍሬ የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። በሩ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ዓይኖቹ ከሶፋው ወደ መጋረጃው፣ ከመጋረጃው ወደ ሳህኖቹ ሄዱ። ፊቱ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ሃሴት ያኔ አልገባትም፤ ደስታ መስሏት ነበር።

«እማማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ሁሉ የእናንተ ነው?»

በኮሪደሩ ላይ ጎረቤቶቿ ጆሯቸውን አቁመው ቆመዋል። የተውሶ ነው ትበል? በእነሱ ፊት፣ በገዛ እንግዳዋ ፊት?

«አዎ ልጄ። ግባ፣ ምን ያስቆምሃል? ተቀመጥ።»

አዳፍሬ ተቀመጠ። መመሪያው የሰው ቤት እህል እንዳይቀምስ ይከለክለዋል። ነገር ግን ኤልዳና እጇን ታጥባ ጉርሻ ጠቅልላ አፉ ድረስ ስታመጣለት ምን ያድርግ? የመንዝ ልጅ ነው፣ እናት አለው። ጎረሰ። ሁለተኛውንም ጎረሰ። ሦስተኛውን ያጎረሰው ያፌት ነው።

ውጤቱ የመጣው አዳፍሬ ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ነው። ሃሴት ስልኳን አንስታ ጮክ ብላ አነበበችው። «ለሁለት ሰው አሥራ አራት መቀመጫ። የዕለት ምግብ፦ ለዘጠኝ ሰው የሚበቃ። የችግር ደረጃ፦ ዝቅተኛ። ቁጥር አልተሰጠም።»

ኤልዳና መሬቱ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ሶፋውን የተሸከሙት ሰዎች ሶፋውን አይተው ዞር አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በብሎኩ ውስጥ ስለዚያ ምሳ ያነሳ ሰው የለም።

አዳፍሬ በማግስቱ ደወለ። የሚደውለው በቢሮ ስልክ ነበርና ቃላቱን እየመረጠ ነው ያወራው። «እማማ፣ ቅሬታ አስገብቻለሁ፣ በስማችሁ። ሁለተኛ ጉብኝት ይኖራል። ሰኔ ሃያ ስምንት። ሦስተኛ የለም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ። «ስመጣ… ቤቱ እንዳለ ይሁን። ምንም አይጨመር። ለእኔም ምንም አይደረግ። ውኃም ቢሆን።»

«ውኃም?»

«ውኃም እማማ። ቆሜ ነው የምወጣው።»

ይህን መስማትና ማድረግ ለየብቻ ናቸው። ኤልዳና ጥፋቷን ለማካካስ ልምምድ አስጀመረች። ራሷ አረጋጋጭ ሆና በሩን ታንኳኳለች፤ ሃሴት ከፍታ ዝም ማለት አለባት። መጀመሪያ ቀን ሃሴት ሦስት ጊዜ «ግቢ» አለቻት። ሁለተኛ ቀን አፏን ያዘች፣ ግን እጇ ሳታስበው የበርጩማውን አቧራ ጠርጎ ወደ እንግዳዋ ገፋላት። ሦስተኛ ቀን ኤልዳና መሐል ቤት ቆማ እሷ እንድትቀመጥ ተደረገ። ሃሴት ተቀመጠች፤ አንገቷን ደፍታ፣ እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከታ።

«ጎሽ» አለች ኤልዳና።

«ውሻ የሆንኩ መሰለኝ።»

«ይምሰልሽ። ያፌት ይኑርልሽ እንጂ ምንም ይምሰልሽ።»

ያፌት ከፍራሹ ላይ ሆኖ ልምምዱን ያይ ነበር። በጤናው ቀን ይስቅ ነበር፤ አሁን መሳቅ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። እግሮቹ አብጠው ካልሲ አይገባባቸውም፣ ፊቱ አመድ ለብሷል። ሃሴት አጠገቡ ተንበርክካ ነገረችው። «ሰውየው ሲመጣ አትናገር፣ አትነሳ። ጉብኝቱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። እሺ በለኝ።»

«እሺ።»

«ማልልኝ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ» አለ ያፌት።

ሰኔ ሃያ ስምንት ከቀትር በኋላ በረዶ ጣለ። የደብረ ብርሃን የሰኔ በረዶ ሽንብራ ያህላል፤ መስኮቱን ሲደበድብ ሰው ለሰው አይሰማማም። ቤቱ ተራግፏል። ጎረቤቶቹ ለጥንቃቄ ብለው የራሷን ጠረጴዛና የራሷን ቁም ሳጥን ሳይቀር ወደየቤታቸው ወስደውታል። የቀረው አንድ በርጩማ፣ መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ፣ አንድ አንሶላ፣ ፍራሹ ላይ የተኛው ያፌትና የለበሰው ጋቢ ነው። ከመጨረሻው እጥበት ሰባተኛ ቀኑ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። አዳፍሬ ነበር፣ ከራሱ እስከ ጫማው ርሷል። ጽሕፈት ቤቱ ለአረጋጋጮች መኪና መስጠት ካቆመ ቆይቷል፤ ከአስፋልቱ እስከ ብሎኩ በበረዶው ውስጥ በእግሩ ነው የመጣው። ከጸጉሩ ውኃ ወደ መነጽሩ ይንጠባጠባል። ከንፈሩ ጠቁሯል።

ሃሴት በሩን ከፈተችና ዝም አለች። ተመልሳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከተተች።

አዳፍሬ መሐል ቤት ቆመ። አላያትም። ዙሪያውን በቀስታ እየዞረ ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ባዶውን ማእድ ቤት ለመነጽሩ አሳየው። እግሮቹ ሥር ውኃ ተጠራቀመ። መንቀጥቀጡን ሊደብቅ ክንዶቹን አጣምሮ ነበር፤ ጥርሶቹ ግን አልታዘዙለትም። ሃሴት ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ በልቧ ደቂቃ ትቆጥራለች። የሰው ልጅ ቤቷ ውስጥ በብርድ ይንቀጠቀጣል፣ እሷ ተቀምጣለች። እናቷ ብታያት ምን ትል ነበር? ያፌት ይኑር፣ አለች በሆዷ። ያፌት ብቻ ይኑር፣ ከዚያ በኋላ እሞታለሁ በኀፍረት።

ስምንት ደቂቃ አለፈ። ዘጠኝ። አዳፍሬ ወደ ፍራሹ ቀርቦ ያበጡትን እግሮች አየ። «መተንፈስ ይቸግራቸዋል?» ብሎ ጠየቀ።

«ይቸግረዋል።»

«ብቻቸውን ይነሳሉ?»

«አይነሳም። ከረቡዕ ወዲህ አልተነሳም።» ይህ እውነት ነበር።

አሥር ደቂቃ። አዳፍሬ በመነጽሩ ጥግ ላይ ያየው የችግር ደረጃ ደስ ሳያሰኘው አልቀረም፣ ትከሻው ቀለል ሲል ታየ። ወደ በሩ ፈንጠር ብሎ ቆመ። ሊያልቅ ነው፣ አለች ሃሴት። ወዲያው አዳፍሬ አስነጠሰው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ጉልበቱ ድረስ አንቀጠቀጠው።

ያፌት ዓይኑን ገለጠ።

መጀመሪያ በክርኑ ተደገፈ። ከዚያ ግድግዳውን ያዘ። ሃሴት ያየችው ቆሞ ነው። በነጭ ሸሚዙ፣ በእነዚያ እግሮች ላይ፣ ጋቢውን በሁለት እጁ ይዞ።

«ያፌት» አለች።

«ልጄ» አለ ያፌት ሰውየውን፣ በየቃሉ መሐል አየር እየሳበ፣ «ይቺን… ጣል አድርጋት።»

አዳፍሬ የሆነውን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መነጽሩን ማውለቅ አይችልም፤ ጉብኝቱ ሳያልቅ ከወለቀ ጉብኝቱ ይሰረዛል፣ ሦስተኛ ደግሞ የለም። የቀረለት አለማየት ብቻ ነበር። ግንባሩን ከግድግዳው ጋር አጋጥሞ ቆመ፣ እንደ ተቀጣ የትምህርት ቤት ልጅ። «አባባ ይተዉ» አለ ለግድግዳው። «እባክዎ ይተኙ። አልበረደኝም። በፈጠረዎት አባባ፣ አልበረደኝም።»

ያፌት አራት እርምጃ ሄደ። አራቱን እርምጃ ሃሴት እስካሁን ትቆጥራቸዋለች። ከኋላ ሆኖ ጋቢውን በልጁ ትከሻ ላይ አለበሰው፣ እንዳይወድቅም ጫፉን በደረቱ ላይ አሻገረለት። ነጩ ጨርቅ በመነጽሩ ፊት አለፈ።

አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ሞላ። መነጽሩ ድምፅ አሰማና ጠፋ። አዳፍሬ አወለቀውና ዞረ፤ ያፌት ግድግዳውን ተደግፎ ወደ መሬት እየወረደ ነበር። ከሃሴት ጋር ተጋግዘው ወደ ፍራሹ መለሱት። ልጁ ጋቢውን ሊያወልቅ ሲል ያፌት እጁን ያዘው። የመጨረሻ ጉልበቱ እዚያ እጁ ላይ ነበር።

«ዝናቡ እስኪያባራ» አለው።

አዳፍሬ ወደ ሃሴት አየ። ሃሴት በአንገቷ ምልክት ሂድ አለችው። ጋቢውን ለብሶ፣ በእጁ ጨርቁን አፉ ላይ አፍኖ ወጣ። ያለቅስ እንደነበር ከኮሪደሩ የሰሙ አሉ።

«ነግሬህ ነበር» አለች ሃሴት። «እሺ ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር።»

«የአንተስ? የአንተ ነገርስ? የእኔስ?»

ሃሴት በዚያች ደቂቃ ባሏን ጠላችው። ከአርባ ዓመት በፊት ያገባችው ለዚሁ ጠባዩ እንደነበር ትዝ አላት፤ እሱም አናደዳት። ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችው፣ ነጠላ ለዚያ ብርድ ምንም አይደለም። ከዚያ ነው ስልኩ የጮኸው።

«አቶ ያፌት፣ ስለ ልግስናዎ እናመሰግናለን። ሰኔ 28 ቀን 2079 አንድ ጋቢ መስጠትዎ ተመዝግቧል። ተቀባዩ የተረጋገጠ ችግረኛ ስላልሆነ ስጦታው ከግብር ላይ አይቀነስም። ሰጪ ሆኖ የተመዘገበ ሰው በዚሁ የበጀት ዓመት በችግረኛነት ሊመዘገብ አይችልም።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ ስታነብ ፊደሎቹ ተደባለቁባት።

«ምን ይላል?» አለ ያፌት።

«አመስግነውሃል። ስለ ጋቢው።»

«ቁጥሩስ?»

«ይመጣል። ዛሬ ነገ ይልካሉ።»

«ይኸው አየሽ» አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። «ጥሩ ልጅ ነው።»

ኤልዳና ገብታ ከሃሴት እጅ ላይ ስልኩን ወስዳ የሆነውን አነበበች። ምክር ሳትሰጥ መለሰችላት፤ ለኤልዳና ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ወዲያው ብሩክታዊት ደወለች። ሃሴት ኮሪደር ወጥታ ቁጥሩ እንደማይመጣ ነገረቻት። በዚያኛው ጫፍ የተደበቀ ለቅሶ ተሰማ።

«አይዞሽ እትዬ ሃሴት» አለች ብሩክታዊት በመጨረሻ። «ገንዘቡ የእሱ ነው ብዬ የለም? ሌላ አላስነካውም። በእድራችሁ በኩል አስገባዋለሁ።»

እድር የተመዘገበ ድርጅት ነው። ለእድር የሚሰጥ ሁሉ ሙሉ በሙሉ ከግብር ይቀነሳል፣ አረጋጋጭም አያስፈልገውም። እድር የሚከፍለው ደግሞ ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ብሩክታዊት ይህን ታውቃለች፤ ሃሴትም ታውቃለች። ሃሴት «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻት፣ ሌላ ምን ይባላል? ትንሽ ቆይቶ የኤልዳና ስልክ ደወል አሰማ። ኤልዳና አየችውና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። የአንድ ዓመት እጥበት ነው፣ ሳይጎድል፣ ሰኔ ሠላሳ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው።

በረዶው ቆመ። ጉብኝቱ ማለቁን የሰሙ ጎረቤቶች የሃሴትን ዕቃ መመለስ ጀመሩ። ጠረጴዛዋ መጣ፣ ቁም ሳጥኗ መጣ። ከዚያ ኤልዳና ወደ ኮሪደሩ ወጣ ብላ ለአንዱ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው፤ እሱ ለሌላው ነገረ። ከአምስት ቤት ወንበር መምጣት ጀመረ። ማንም «ስንት?» ብሎ አልጠየቀም። በዝግታ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ከግድግዳው ጋር አስጠግተው በተርታ ደረደሯቸው። ሶፋውም በአራት ሰው ወጣ።

ሃሴት አላስቆመቻቸውም። ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የያፌትን እግር በመዳፎቿ ይዛለች፤ እንዲሞቅ ነው።

ያፌት የወንበሮቹን መንቋቋት ሰምቶ ዓይኑን ገለጠ። ከወንበር ወደ ወንበር እያየ ሄደ፣ ፊቱም ፈካ አለ።

«እንግዳ አለ እንዴ?»

«አለ» አለች ሃሴት። «ብዙ ሰው ይመጣል።»

«እንግዲያ እንዳይቆሙ» አለ ያፌት።